ምቦ ሳኦዳ የጠበቁት አለት

ምቦ ሳኦዳ ተድረው የገቡባት ቤት ያን ጊዜ የደሴታችን የመጨረሻዋ ቤት ነበረች። በሩ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ባሕር ውስጥ ነክረው ዓሣ ያጥቡ እንደነበር ሲያወሩ የዛሬ ልጆች ይስቁባቸዋል። ያቺው ቤት አሁን መሀል ደሴት ናት። ቤቷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ባሕሩ ነው የተገፋው። የገፋነውም እኛው ነን፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየከመርን።

እኔ ቴንሪ ነኝ፣ ጎረቤታቸው፤ ምቦ የምንለው አያት የሆኑትን ነው። ጎረቤት ስል እንደ ማዶ ሰዎች አጥርና ጓሮ ያለበት ጉርብትና እንዳይመስላችሁ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ባሌ ሲያንኮራፋ ምቦ ሳኦዳ ከወዲያ በኩል በመጥበሻ ይደበድቡልኛል። እኔም ምሳቸው ምን እንደሆነ ከሽታው ዐውቃለሁ። ደሴታችን ላይ ለምስጢር የሚሆን ቦታ የለም። ለሣርም ቦታ የለም፤ ፍየሎቻችን ካርቶንና አሮጌ ጨርቅ እየበሉ ነው የሚያድጉት። ሙታኖቻችንን እንኳ አንዱን በሌላው ላይ እየደረብን እንቀብራለን። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። እሺ፣ ለማማረርም ነው።

እኛ ባጆዎች፣ የባሕር ሰዎች ጋ፣ በዚህች ደሴት፣ ወንድ ልጅ ከማግባቱ በፊት ቤቱ የሚቆምበትን መሬት ራሱ ይሠራል። ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ ቀርከሃ ተክሎ ቦታውን ይለያል። ከዚያ ወንድሞቹንና ጓደኞቹን ይዞ ኮራል የሚባለውን የባሕር አለት ከባሕር ወለል በድጅኖ እየፈነቀለ፣ በጀልባ እየጫነ ያመጣና ይከምራል። ባሕሩ ጢም ብሎ በሞላ ቀን የልጅቷ አባት ጫማውን አድርጎ ክምሩ ላይ ይቆማል። ጫማው ከራሰ ሠርግ የለም፤ ከደረቀ ይደገሳል። አያቶቻችን ይህን ሲጀምሩ ጥቂት ነበሩ፣ ባሕሩም ሰፊ ነበር፤ በእነሱ አልፈርድም። እኛ ግን እንደ አሸዋ በዝተን ሳለ ልማዱ አንድም ሳይጎድልበት እዚያው ቀረ።

ምቦ ሳኦዳ የተወለዱት ጀልባ ላይ ነው። እናታቸው ኦክቶፐስ አዳኝ ነበሩ፣ እሳቸውም ይህንኑ ወረሱ። ባሕሩ ሲሸሽ ረጅም ሜንጦ ይዘው፣ ውሃው ጉልበታቸው ላይ እየደረሰ፣ የአለቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ ያያሉ። ኦክቶፐስ የበላውን የሸርጣን ቅርፊት በሩ ላይ ስለሚጥል ቤቱን መለየት አይከብድም። "ቆሻሻውን በሩ ላይ ይደፋል፤ ቁርጥ የእኛ ሰው ነው" ይሉ ነበር። ባላቸው የአየር ቱቦ ነክሰው ጥልቅ ባሕር የሚገቡ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ሲወጡ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልቆዩም። ሰባቱን ልጆች ያሳደገው እንግዲህ ያ ሜንጦ ነው።

ከሰባቱ አምስቱ ወንዶች ነበሩ። የመጀመሪያው ሲያገባ የምሥራቁን አለት ፈነቀለ፤ ሁለተኛው ከዚያው የቀረውን ለቀመ። ሦስተኛውና አራተኛው ራቅ ብለው መሄድ ነበረባቸው። እናት ናቸውና ምቦ ሳኦዳ በየክምሩ ላይ ዘፍነዋል፣ ሩዝ ቀቅለዋል፣ ድንጋይም በራሳቸው ተሸክመዋል። ሌላውም ቤተሰብ ያደረገው ይህንኑ ነው። የእኔም ቤት ከሰማይ አልወረደም።

ከዚያ አንድ ቀን ከባሕር ሲመለሱ ቅርጫታቸው ባዶ ሆኖ አየሁት።

"ምነው ምቦ፣ ዛሬ ኦክቶፐሶቹ ሁሉ ለሽርሽር ወጥተው ነው?" አልኳቸው ለቀልድ።

"የምሥራቁን አለት ልፈትሽ ሄጄ አጣሁት" አሉ።

"የልጅዎ ቤት ሥር ነዋ!"

"እሱንማ ዐውቃለሁ። እግሬ ዝም ብሎ ሄደ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። በጀልባ ዙሪያውን ቀዝፈው አዩት፤ ባሕራችን ሥር እንደ ተጠረገ ግቢ ለጥ ያለ አሸዋ ነበር። የቀረው ጉልቻ ብቻ ነው። ጉልቻ በምዕራብ በኩል ያለ አለት ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ሦስት ራስ ስለሚያወጣ ነው ስሙ። የምዕራቡ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ እሱ ላይ ተሰብሮ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። የተረፈችን ትንሽ ዓሣም የምትራባው እዚያ ነው። ምቦ ሳኦዳ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ጠብቀው መንገዱ መሀል ቆሙና "ጉልቻን መንካት የፈለገ መጀመሪያ እኔን ይቅበር!" ብለው ጮኹ።

አንዳንዱ ሣቀ፣ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። የሚገርመው ግን ማንም አልነካውም። ቀደም ሲል ከማዶ፣ ከትልቁ ደሴት ከሱምባዋ፣ የመንግሥት ሰዎች መጥተው ኮራል መንቀል ክልክል ነው የሚል ምልክት ተክለው ሄደው ነበር፤ የምልክቱን ቋሚ የፍየል ማሰሪያ አደረግነው። ለመንግሥት ያልሰማ ሕዝብ ለአንዲት አሮጊት ሰማ። ድንጋይ የሚፈልግ ጎረምሳ በጉልቻ አጠገብ ሲያልፍ "እሱ የምቦ ሳኦዳ ነው" ይልና ጀልባውን ያዞር ነበር። ምቦ ሳኦዳም ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን መደበቅ ያቅታቸዋል። "አየሽ ቴንሪ፣ ሰው ከነገሩት ይገባዋል" ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኳቸው።

ነገሩ የከፋው የመጨረሻው ልጃቸው ሩስማን ለትዳር ሲደርስ ነው። ሩስማን ቀልደኛ፣ ደግና ትንሽ ሰነፍ ልጅ ነው፤ እናቱን ግን እንደ ዐይኑ ብሌን ነው የሚያያት። የሐጂ ባዳሩን ልጅ ኒርማን ወደዳት፣ እሷም ወደደችው፤ ደሴቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። የቀረው መሬቱ ነው። አንድ ምሽት ከእናቱ ጋር ሲነጋገሩ ግድግዳው እንደ ልማዱ አንድም ቃል አልደበቀኝም።

"እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።"

"ገንዘብ ከሆነ የለኝም።"

"ገንዘብ አይደለም። ጉልቻን ነው።"

ምቦ ሳኦዳ "ጉልቻን ምን?" አሉት።

"ትንሿን ራስ ብቻ። ሁለቱ ይቀራሉ እኮ።"

"ታላቅ ወንድምህም የምሥራቁን ሲጀምር 'ጠርዙን ብቻ' ነው ያለኝ። የታለ ያ አለት? እስቲ ሂድና አምጣልኝ!"

"እነሱ ሁሉ ሠርተው እኔ ስደርስ አለቀ?"

"አዎ፣ አንተ ስትደርስ አለቀ። ምን ላድርግህ? ቀደም ብለህ አትወለድም ነበር?"

"የወለድሽኝ አንቺ ነሽ እማ" አለ ሩስማን። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "እኔን ሰባተኛ አድርገሽ ስትወልጂ ድንጋዩን ቆጥረሽው ነበር?"

መልስ ይሰጡታል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። "አልቆጠርኩም" አሉ። "ማን ይቆጥራል ብለህ ነው። ያልቃል ያለን ሰው አልነበረም።" ከዚያ በኋላ የሰማሁት አፍንጫ ሲናፈጥ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ ግን አልለየሁም።

በማግስቱ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ሐጂ ባዳሩ ዘንድ ሄዱ፤ እኔንም "ምላስሽ ረጅም ስለሆነ ነይ" ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ሐጂ ባዳሩ አብሯቸው ያደገ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ግን አንዴ አይሆንም ካለ ድጅኖም አይፈነቅለው።

"ባዳሩ፣ ቤቴን ለልጆቹ ልልቀቅላቸው" አሉት። "እኔ ታላቁ ልጄ ጋ እገባለሁ።"

"ተይ እንጂ ሳኦዳ! በእናቱ ድንጋይ ላይ የተዳረ ተብሎ ሊዘፈንበት ነው?"

"ይዘፈንበታ! ዘፈን ጣሪያ አይቀድድም።"

"እኔ ላይ ግን ይዘፈናል። አባት ያልቆመበት መሬት ላይ ልጁን ላከ እባላለሁ።"

"እሺ ማዶስ?" አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ። "ማዶ ባዶ መሬት ሞልቷል። ቤት ተከራይተው..."

"አፈር ላይ?" ሐጂ ባዳሩ ልጁን ገደል ክተታት ያልኩት ይመስል አፈጠጠብኝ። "አንቺ ራስሽ ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ አይደል ራስ ምታት የሚጥልሽ? ልጄ ማዕበል ሳትሰማ ልትተኛ?"

እውነቱን ለመናገር እኔም ማዶ ማደር አልችልም። መሬቱ ዝም ሲል ያስፈራኛል። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

"ሩስማን ደህና ልጅ ነው" አለ ሐጂ ባዳሩ ሲሸኘን። "ይከምርና ይምጣ። ድንጋይ እንደሆነ አላችሁ።"

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ያን ዕለት ሁለታችንንም አልከነከነችንም። አሁን ሳስባት ቆሽቴ ያርራል።

ሩስማን አለቱን በጉልበት ሊወስደው ይችል ነበር። ወንድሞቹም "እናግዝህ፣ እናታችን ሁለት ቀን አኩርፋ ትተወዋለች" ብለውታል። እሱ ግን የእናቱን ቃል አልረገጠም። ማሌዥያ ሄዶ የዘይት ዘምባባ እርሻ ላይ ሊሠራ ወሰነ። ጀልባው ሲነሣ "የማዶ አፈር ካልገደለኝ እደውላለሁ" ብሎ ሣቀ። ኒርማ ወደብ አልመጣችም። ምቦ ሳኦዳ ጀልባው እስኪጠፋ ቆመው አዩት፤ ከዚያ ቤት ገብተው እንደ ሌላው ቀን ሩዝ ጣዱ። "ልጄን አስቀየምኩት" አሉኝ በግድግዳው በኩል። "ግን ጉልቻ አለ። ነገ ለእሱም ልጆች ይሆናል።" እኔም "እንዴታ" አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት።

ዓመት ሳይሞላ፣ ባሕሩ በሸሸበት ጠዋት፣ ልብስ ሳሰጣ ከምዕራብ በኩል የድጅኖ ድምፅ ሰማሁ። የያዝኩትን ልብስ ጥዬ ዞር ስል ምቦ ሳኦዳ ከነቅርጫታቸው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። "ቅዘፊልኝ" ብቻ ነው ያሉኝ።

ጉልቻ ላይ የደረሰው ሰው ብዛት የሠርግ ያህል ነበር። ሐጂ ባዳሩ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ቆሟል። የጀልባ ሠሪው ልጅ ከነወንድሞቹ ድጅኖ ይመታል፤ ሴቶቹ በሰሃን ሙዝ ጥብስ ያዞራሉ፣ ይዘፍናሉ። ከሦስቱ ራሶች አንዱ ከነአካቴው ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ግማሹ ጀልባ ላይ ነው።

"እንኳን መጣሽ ሳኦዳ!" አለ ሐጂ ባዳሩ ፊቱ በርቶ። "እኔ ራሴ ማታ ላመሰግንሽ ልመጣ ነበር። እስቲ መርቂያቸው!"

"ምን እያደረግህ ነው ባዳሩ?"

"ኒርማን ለጀልባ ሠሪው ልጅ ልድራት ነዋ። አላህ ይስጥሽ፤ አንቺ ባታቆዪው ይሄኔ ጠጠር አይገኝም ነበር።"

"ማን ፈቀደላችሁ?"

ሐጂ ባዳሩ ግራ ገባው። "ለሩስማን አልነበር ያስቀመጥሽው? የመጨረሻ ልጇ እስኪደርስ ነው ብለን ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን። የእናት ነገር ነው ብለን። ልጁ ደግሞ ትቶት ሄደ። እንግዲህ ለማን ይቀመጣል?"

"ሩስማንንማ የከለከልኩት እኔ ነኝ!"

ድጅኖው ቆመ። ዘፈኑም ቆመ። ሁሉም ምቦ ሳኦዳን ያዩ ጀመር።

"ልጅሽን ከለከልሽው?" አለ ሐጂ ባዳሩ። "እኛ እኮ ልጄን አልፈልግም ብሎ የሄደ መስሎን... ኒርማ ስንት ቀን አለቀሰች። ታዲያ ለማን ነበር?"

"ለኦክቶፐሱ ነዋ! ለዓሣው! ማዕበል እንዲሰብርልን!"

አንዱ ጎረምሳ ከወደኋላ "ኦክቶፐስ ያገባል እንዴ?" አለ፤ ሣቅ ፈነዳ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያ ነው አንጀቴን የበላኝ። ከልባቸው አልገባቸውም። እኚህ ሴት ለዓመታት የተከበሩት ለተናገሩት ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው እሱ በእሳቸው ቦታ ቢሆን ሊያደርግ የሚችለውን አስቦላቸው ነበር እንጂ። ለአንድ ወንድ ልጅ ድንጋይ ማስቀመጥ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ለማንም ማስቀመጥ ግን ማን ሰምቶ ያውቃል?

ምቦ ሳኦዳ ሄደው ሦስተኛው ራስ ላይ ወጥተው ቆሙ። "ይኼን አትነኩም" አሉ። ማንም አልተሟገታቸውም። በዙሪያቸው በትሕትና ይሠሩ ጀመር፤ "ምቦ፣ እግርዎን ትንሽ ያንሡልን" እያሉ። ባሕሩ እየሞላ መጣ፤ ወገባቸውን፣ ከዚያ ደረታቸውን ያዘ። በመጨረሻ እኔና ሐጂ ባዳሩ ነን ብብታቸውን ይዘን ጀልባ ላይ ያወጣናቸው። እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጡ ነበር። "የገዛ ልጄን ከከለከልኩ ሌላውም የሚከለከል መስሎኝ" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። በማግስቱ ባሕሩ ሲሸሽ ተመልሰው ሦስተኛውንም ወሰዱት። የደሴቱ ሽማግሌዎች ዘንድ ብንሄድ "ባሕር ባለቤት የለውም፤ ሩስማን ቀድሞ ቀርከሃውን ተክሎ ቢሆን ኖሮ የእሱ ነበር" አሉን።

የሐጂ ባዳሩ ጫማ ደረቅ ሆኖ ወጣ፤ ኒርማ ተዳረች። ምቦ ሳኦዳ ሠርጉ ላይ ተገኝተዋል፤ አለመሄድ ደሴታችን ላይ አይቻልም፤ ዘፈኑ መኝታቸው ድረስ ይገባል። የምዕራቡ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ታዲያ የሚሰብረው ያጣ ማዕበል እየተንከባለለ መጥቶ የዳሩን ቤቶች ወለል እየነቀለ ሄደ። ዳር ያሉት ሰዎች ከፍ ለማድረግ ድንጋይ ፈለጉ። ድንጋይ ስለሌለ የተሰበረ ብሎኬት፣ ጎማ፣ አሸዋ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ መከመር ጀመሩ። ኒርማ ደግሞ አርግዛለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከማዶ እየመጣች ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ስታስተምር ሴቶቹ ይሽኮረመማሉ፣ ወንዶቹ "እኛ ከቀነስን ማን ዓሣ ያጠምድልናል?" ይላሉ። የትኛውን ዓሣ ብዬ ብጠይቃቸው ምላሰኛ ይሉኛል። ስድስት ልጅ ይዤ ይህን መናገሬ እንደሚያስቅም አይጠፋኝም።

ምቦ ሳኦዳ ሜንጦአቸውን ይዘው አሁንም ይወጣሉ። ምን እንደሚፈልጉ አልጠይቃቸውም። ሲመለሱ ሱቅ ጎራ ይሉና የታሸገ ሰርዲን ገዝተው ይገባሉ። ባሕር ላይ የተወለደች ሴት ቆርቆሮ ስትከፍት ማየት እንዴት እንደሚያናድድ ልነግራችሁ አልችልም።

ባለፈው ዐርብ ምሳ ልንበላ ስንል ሩስማን በእኔ ስልክ ደወለ። እሳቸው ስልክ ጆሯቸው ላይ መያዝ ስለማይሆንላቸው ድምፁን ከፍ አድርጌ መሀላችን አስቀመጥኩት።

"እማ፣ ኒርማ አገባች አይደል?"

"ማን ነገረህ?"

"ሰው ነዋ። ከደሴቱ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ሠርግ ነው።" ከዚያ ጠየቀ፤ "ድንጋዩን ከየት አመጡት?"

እኔ አፌን ልከፍት ስል ምቦ ሳኦዳ እጄን ጨበጡኝ። አጥብቀው ነው የጨበጡኝ።

"ከማዶ አስጭኖ ነው" አሉ። "ባዳሩ መቼም አቅም አለው።"

"እኔስ ፈርቼ ነበር።" ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ተሰማን። "እማ፣ ስሄድ በጣም ተቀይሜሽ ነበር። ሌሊት ሌሊት እየረገምኩሽ ነበር የምተኛው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። እዚህ ግን ጫካ ሲመነጠር ውሎ ሲያድር አየሁት። ዐይንሽ እስኪደክም ድረስ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ነው፤ ወፍ እንኳ የለም። እማዬ ልክ ነበረች እላለሁ አሁን። ኒርማን ባጣትም ቢያንስ ጉልቻ ተረፈ። በከንቱ አይደለም ስል ይቀለኛል።"

ምቦ ሳኦዳ ከፊታቸው ያለውን የሰርዲን ቆርቆሮ ያያሉ።

"ኦክቶፐስ አለ?" አለ ሩስማን።

"አለ። ዛሬ እንኳ ሁለት ያዝኩ።"

"ትልልቅ ናቸው?"

"ትልልቅ ናቸው። አንዱን ቴንሪ ወሰደችው።"

"ይህቺ ሆዳም!" ብሎ ሣቀ፤ እኔም "አንተ ባለጌ፣ እሰማሃለሁ!" ብዬ እንደ ምንም ሣቅሁ።

ስልኩ ሲዘጋ እጄን ለቀቁኝ። ተናድጄም ነበር፣ አዝኜም ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። "ምቦ፣ የሠርጉን የነገረው ሰው ይህንንም ይነግረዋል እኮ" አልኳቸው።

"ይነግረዋል" አሉ ሩዙን ወደ እኔ እየገፉ። "እስከዚያ ግን ጉልቻ ይኑርለት።"